እምቢ ያለ አፍ

በ1817 ዓ.ም. «ቄሳር» የተባለች የእንግሊዝ መርከብ ከባታቪያ፣ ከዛሬዋ ጃካርታ፣ ተነስታ ወደ አገሯ ትቀዝፍ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በላይዋ ላይ ወደ ቻይና ተልኮ በከንቱ የተመለሰው የሎርድ አምኸርስት መልእክተኛ ቡድን ነበረ። አንድ ኦራንጉታን ነበረ። ከቦርኒዮ የመጣ፣ አምስት ሜትር ያህል የሚረዝም አንድ ዘንዶም በሣጥን ተቆልፎ አብሮ ተጭኗል። ለዘንዶው ስንቅ ይሆኑ ዘንድ ፍየሎች ተሳፍረዋል። የመርከበኞቹ ሐኪም ጆን ማክሊዎድ ይህን ጉዞ በመጽሐፍ ጽፎ ትቶልናል፤ የመጀመሪያዋ ፍየል ወደ ሣጥኑ ስትገባ እንዴት እንደተንቀጠቀጠች፣ እንዴት እንደተዋጠች፣ ቀንዶቿ ከዘንዶው ቆዳ ሥር እንዴት ተወጥረው ይታዩ እንደነበር ሰፊ ቦታ ሰጥቶ ይተርካል። ጽሑፉን ያነበበ ሰው ለዚያች ፍየል ሳያዝን አያልፍም። እኔም አዝኛለሁ።

ነገር ግን የእኔ ጉዳይ ከዚያ ቀጥለው በሚመጡት ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ነው። ዘንዶው ሁለተኛዋን ፍየል የበላው እንደ ፊተኛዋ በጉጉት አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ደከመ፤ ከጉድ ሆፕ ርእሰ ምድርና ከቅድስት ሄለና ደሴት መካከል ባለው ባሕር ላይ ሞቶ ተገኘ። መልእክተኞቹ በቅድስት ሄለና ከእስረኛው ናፖሊዮን ጋር ሲገናኙ ዘንዶው በመካከላቸው አልነበረም። ሐኪሙ ሬሳውን ከፍቶ ሲመለከት የጨጓራው ግድግዳ ተልጦ፣ በትል ተበሳስቶ አገኘው።

ለፍየሏ ገጾች፣ ለዘንዶው ሁለት መስመር። ይሁን እንጂ በእነዚያ ሁለት መስመሮች ውስጥ ሰው በእጁ የያዘው እባብ ለምን እንደሚከሳና ለምን እንደማያድግ የሚጠይቀው ረጅም ታሪክ አንዱ ምዕራፍ ተጽፏል። ጥያቄው እንግዳ ይመስላል። በተለይ ለእኛ፣ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እያልን ላደግን ሰዎች። በአክሱም አፈ ታሪክ የምናውቀው አርዌ ደናግልን የሚገበርለት፣ የማይጠግብ ንጉሥ ነው። ሰው ሁሉ የፈራው መብላቱን ነው፤ አልበላም ብሎ አንገቱን የሚያዞር እባብ በተረታችን ውስጥ የለም። በእውነተኛው ዓለም ግን እባብን ይዘው ያኖሩ ሰዎችን ሁሉ እንቅልፍ የነሳቸው የእባቡ መብላት ሳይሆን ያልተከፈተው አፉ ነው።

በ1849 የለንደን መካነ አራዊት በሪጀንትስ ፓርክ ለተሳቢ እንስሳት ብቻ የሆነ ቤት ከፈተ። በዓለም የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። የለንደን ሰው ከመስታወት በስተጀርባ ዘንዶ፣ እፉኝትና ኮብራ ሊያይ ተንጋጋ። እንስሶቹ ከሐሩር አገር የመጡ ናቸው፤ ቤቱ ግን በጉምና በጭስ በተሸፈነ ከተማ መካከል የቆመ ነው። ብርዱን ለመከላከል ለትልልቆቹ ዘንዶዎች ብርድ ልብስ ይሰጣቸው ነበር። ይህ አሳብ ደግነት አለበት፤ ዕውቀት ግን የለበትም። ብርድ ልብስ የሚያሞቀው ከራሱ ሙቀት ያለውን ገላ ነው። እባብ ሙቀቱን የሚያገኘው ከፀሐይ፣ ከድንጋይ፣ ከምድር ስለሆነ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ እባብ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል። አንዱ ዘንዶ እንዲያውም የቀረበለትን ምግብ ትቶ ብርድ ልብሱን ውጦ፣ ከሳምንታት በኋላ መልሶ ተፍቶታል። የዘመኑ ጋዜጦች ሳቁበት።

ያልሳቀች አንዲት ሴት ነበረች። ካትሪን ሆፕሊ ሳይንቲስት አልነበረችም፤ በአሜሪካ ደቡብ የቤት አስተማሪ ሆና የኖረች፣ በዚያ ስላየችው ኑሮ መጽሐፍ የጻፈች ደራሲ ናት። ወደ እባቦቹ ቤት እየተመላለሰች ጠባቂዎቹን ስትጠይቅ፣ መንጋጋቸው እንዴት እንደሚላቀቅ፣ ምላሳቸው ምን እንደሚሠራ በዐይኗ ስትከታተል ቆይታ በ1882 ስለ እባቦች አንድ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አሳተመች። ዛሬ ሥነ ጽሑፍ የሚወድ ሰው መጽሐፉን ቢያነበው የሚያስደስተው ቋንቋው ብቻ አይደለም፤ በፊት የተጻፈውን ሁሉ ከመቀበሏ በፊት ሄዳ ማየቷ ነው። በዚያ ጊዜ ስለ እባብ አመጋገብ የሚደረገው ክርክር ግን ስለ እባቡ አልነበረም። በሕይወት ያለ ጥንቸልና አይጥ በጎብኚ ፊት ለእባብ መጣሉ ብዙ ሰው ያስቆጣ ነበር፤ ቻርልስ ዲከንስ በዚያ ቤት ያየውን በደብዳቤ ሲያትት የተሰማው ድንጋጤ እስከ ዛሬ ይነበባል። ቁጣው ተገቢ ነበር፤ ውሎ አድሮም ትርኢቱን ከሕዝብ ዐይን አስወጣው። ብቻ፣ የሚበላው እባብ ሕዝቡን ሲያስቆጣ የማይበላው በዝምታ ሲሞት አስተዋይ አላገኘም።

ስለ ሙቀት የሚናገረው ምስክር ግን ከዚያ ቀድሞ፣ በ1841፣ በፓሪስ ቀርቦ ነበር። በዚያ ከተማ የዕፅዋት አትክልት በተባለው ሥፍራ አንዲት የእስያ ዘንዶ እንቁላል ጥላ በላዩ ተጠመጠመችበት። የተፈጥሮ ተመራማሪው አሺል ቫላንሲየን ቴርሞሜትሩን በጥምጥሟ መካከል እያስገባ ለካ፤ ከአካባቢው አየር በብዙ የሚበልጥ ሙቀትም አገኘ። ከእንቁላሎቹ የተወሰኑት ተፈለፈሉ። ቀዝቃዛ ደም አለው የሚባል እንስሳ እንደ ዶሮ ታቅፎ ያሞቃል ብሎ ማመን ከባድ ስለነበር ብዙዎች ተጠራጠሩት። በ1862 በለንደን አንዲት የአፍሪካ ዘንዶ፣ በእኛም አገር በምዕራቡ ቆላ የሚገኘው ዐይነት፣ ወደ መቶ የሚጠጋ እንቁላል ጣለች። ታቀፈች፣ ሰነበተች፤ ከዚያ ሁሉ እንቁላል አንድም ልጅ አልወጣም። ቫላንሲየን ትክክል እንደነበር በማያጠራጥር ሁኔታ የተረጋገጠው በ1966 ነው፤ በኒው ዮርክ መካነ አራዊት የታቀፈች ዘንዶ ጡንቻዋን ደጋግማ እያኮማተረች ሰውነቷን ከአካባቢው አየር በአምስት ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ አስበልጣ እንደምታሞቅ ተለክቶ ታወቀ። እናቲቱ ያወቀችውን ነገር ሊቃውንቱ ለመቀበል 125 ዓመት ወሰደባቸው።

እንቁላሉን ሰብሮ የወጣው የእባብ ልጅ እናት የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚያጎርሰው፣ የሚያስተምረው የለም። ከእንቁላሉ አስኳል የተረፈውን በሆዱ ይዞ ይወጣና በዚያ እየኖረ ቀናትን ይቆያል። ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ቆዳውን ይጥላል። መራብ የሚጀምረው ያኔ ነው። ስለዚህ በተፈለፈለ በማግስቱ ምግብ አቅርቦ «አልበላም አለኝ» የሚል ሰው የሚከስሰው ገና ያልራበውን ፍጥረት ነው። ከቆዳው መጣል በኋላ ሳምንታት አልፈው አሁንም ካልበላ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ አስኳሉ አልቋል፣ የጀርባው አጥንት እንደ ጣሪያ ሸንተረር ብቅ ማለት ይጀምራል፣ በጎኑ ላይ ያለው ቆዳ ይሸበሸባል።

ይህን ነገር ከሥሩ የተረዳችው ሌላ ሴት ናት፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የወሰደችው እሷ መሆኗን አልደብቅም። ጆአን ፕሮክተር በ1897 በለንደን ተወለደች። ከልጅነቷ ጀምሮ በአንጀት ሕመም የምትሠቃይ፣ በዚያውም የተነሳ ዩኒቨርሲቲ መግባት ያልቻለች ልጅ ነበረች። ጓደኞቿ እባቦችና እንሽላሊቶች ነበሩ፤ አንድ ጊዜ ትንሽ አዞ ይዛ ወደ ትምህርት ክፍል እንደገባች ይተረክላታል። በብሪታንያ ሙዚየም የተሳቢ እንስሳት ሊቅ በነበረው በቡላንዤ ሥር ሠልጥና በ1923 በለንደን መካነ አራዊት የተሳቢ እንስሳት ኃላፊ ሆነች። በ1927 የተከፈተው አዲሱ የእባብና የእንሽላሊት ቤት የእሷ አሳብ ውጤት ነው። የቀደመው ዘመን አንድን ሰፊ አዳራሽ በሙሉ ያሞቅ ነበር፤ እሷ ግን እያንዳንዱ ማደሪያ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ የራሱ ሥፍራ እንዲኖረው፣ ከዚያው አጠገብ ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ ጥግ እንዲገኝ አደረገች። የጎብኚው መተላለፊያ ጨለም ያለ፣ ብርሃኑ ሁሉ በእንስሶቹ ላይ የሚወርድ ሆነ። የፀሐይን ጠቃሚ ጨረር የሚያሳልፍ ልዩ መስታወትም አስገጠመች።

የዚህ አሠራር ትርጉሙ ጥልቅ ነው። እባብ የሰውነቱን ሙቀት የሚቆጣጠረው በመንቀሳቀስ ነው፤ ሲበርደው ወደ ሙቁ፣ ሲሞቀው ወደ ቀዝቃዛው ይሄዳል። አንድ ዐይነት ሙቀት ብቻ ያለው ሣጥን ይህን ምርጫ ይነጥቀዋል። በቂ ሙቀት ያላገኘ እባብ ምግብ ቢውጥ እንኳ የሆዱ ሥራ ይዘገያል፤ የተዋጠው ሳይፈጭ ይበሰብሳል፤ እባቡም መልሶ ይተፋዋል። አንድ ጊዜ የተፋ ትንሽ እባብ ከምግቡ ጋር የሆዱን ፈሳሽ ጭምር ስለሚያጣ ቶሎ አያገግምም። ዛሬም ሐኪም ዘንድ የሚቀርበው የከሳ የእባብ ልጅ መጀመሪያ የሚጠየቅለት ጥያቄ ስለ ምግቡ ሳይሆን ስለ ቤቱ ሙቀት ነው። ሕመም የማይለያት ያች ሴት በ1931 በ34 ዓመቷ ዐረፈች። የሠራችው ቤት ግን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አገልግሏል።

በአትላንቲክ ማዶ በዚያው ዘመን የእባብ ነገር የሚጠየቀው ሬይመንድ ዲትማርስ ነበር። በወላጆቹ ቤት እባብ ሲሰበስብ አድጎ፣ ለአጭር ጊዜም የጋዜጣ ዘጋቢ ሆኖ፣ በ1899 የኒው ዮርኩ መካነ አራዊት ሲከፈት የተሳቢ እንስሳቱ ኃላፊ የሆነ፣ በቀላል ቋንቋ የጻፋቸው መጻሕፍት ብዙ የአሜሪካ ልጆችን እባብ ወዳጅ ያደረጉ ሰው ነው። በእሱ ዘመን በትልልቆቹ መካነ አራዊት ለወራት የጾመን ዘንዶ በግድ ማብላት የተለመደ ነበር፤ ሰዎች ተሰልፈው ግዙፉን አካል አንጋለው ይይዛሉ፣ ምግቡ በዘንግ እየተገፋ ወደ ጉሮሮው ይወርዳል። ፎቶግራፉን ያየ ሁሉ ይደነቃል። እኔ ግን ይህ ልማድ ወደ ቤት፣ ወደ ትንሹ እባብ ሲወርድ ያደረሰውን ጉዳት ሳስብ እሠጋለሁ። ከዐሥር ግራም ያነሰ የእባብ ልጅ በሁለት ጣት ተይዞ አፉ ሲፈለቀቅ የሚደርስበት ፍርሃት ከሚገባለት ጉርሻ ይከብዳል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ይህን የመጨረሻው መጨረሻ አድርገው ያስቀምጡታል። የሚያሳዝነው ግን ትዕግሥት ያጣ ሰው ከዚያ የሚጀምር መሆኑ ነው።

ወደ ቤት የመውረዱ ነገር የተፋጠነው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በአሜሪካ ጆርጂያ የሚኖር በርናርድ ቤክቴል የተባለ የቆዳ ሐኪም፣ ቀይና ብርቱካናማ ዝንጉርጉር ያለውን የበቆሎ እባብ ከባለቤቱ ጋር ያረባ ነበር። (ስሙን ያገኘው በበቆሎ ጎተራ አጠገብ አይጥ ሲያድን ስለሚገኝ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ የሆዱ ጥቁርና ነጭ እንደ በቆሎ እሸት ፍሬ ስለተደረደረ ነው ይላሉ። ሁለተኛውን እወደዋለሁ።) ቤክቴል ጥቁር ቀለም የሌላቸውን እባቦች በ1961 በቤቱ አስፈልፍሎ የውርሳቸውን ሕግ በማግስቱ ዓመት አሳተመ። ከዚያ በኋላ እባብ የሚያዝ አውሬ መሆኑ ቀርቶ የሚረባ የቤት እንስሳ ሆነ። የሚረባ ነገር ደግሞ በየዓመቱ ጫጩት ያመጣል። የማይበሉት ጫጩቶች ጥያቄም ያኔ በየቤቱ ገባ።

መልሱ የተገኘው ከዱር ነው። የበቆሎ እባብ ልጅ በተወለደበት አገር መጀመሪያ የሚያድነው ትንንሽ እንሽላሊትና እንቁራሪት ነው፤ ፀጉር ያላበቀለች ሮዝ የአይጥ ግልገል ለአንዳንዱ ምግብ መሆኗ አይታወቀውም። እባብ ምግቡን የሚያውቀው በምላሱ ሽታ ቀስሞ ስለሆነ አርቢዎቹ የአይጧን ግልገል በእንሽላሊት ገላ አሽተው ማቅረብ ለመዱ። ለሳምንታት አንገቱን ሲያዞር የከረመው ይውጣታል። ይህን ሳነብ ትዝ የሚለኝ በሰው አገር ጠረኑን ከማያውቀው ገበታ ፊት የሚቀመጥ እንግዳ ነው።

የምዕራብ አፍሪካው ትንሽ ዘንዶ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይመራል። ሲፈራ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል አሜሪካኖች «ኳስ ዘንዶ» ብለውታል፤ እንግሊዞች ደግሞ «ንጉሣዊ ዘንዶ» ይሉታል። በቤኒን በዊዳ ከተማ ቤተ መቅደስ ያለው፣ የሚከበር ፍጥረት ነው። ከዚያው ከቤኒን፣ ከቶጎና ከጋና ግን ያረገዙት እናቶችና እንቁላሎቹ ከጉድጓድ እየወጡ፣ ጫጩቶቹ በከረጢት እየታሰሩ በየዓመቱ በብዙ ሺህ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ሲላኩ ኖረዋል። አንድ ቤተ መቅደስና አንድ የጭነት ሣጥን በአንድ አገር። የተላከው ጫጩት ውኃ የጠማው፣ አንዳንዴም መዥገር የተጣበቀበት፣ በሆዱ ትል የተሸከመ ሊሆን ይችላል፤ የማክሊዎድ ዘንዶ ዕጣ በትንሹ ተደገመ ማለት ነው። ገዢው አይጥ ያቀርብለታል፤ እሱ ተጠቅልሎ አንገቱን ይደብቃል። «ግትር» የሚል ስም የወጣለት በዚህ ነው። በ1998 ግን በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ የተደረገ ጥናት ከ70 ሴንቲሜትር በታች የሆኑት ትንንሾቹ ከሞላ ጎደል የሚያድኑት ትንንሽ ወፎችን መሆኑን አሳየ። ለካ ግትር የተባለው ልጅ የለመደው የአባቶቹ ገበታ ሌላ ኖሯል።

ታዲያ መክሳት ሁሉ ከሙቀትና ከሽታ አይመጣም። በ1977 የታተመ አንድ ጥናት እየበሉ የሚተፉ፣ እየበሉ የሚከሱ፣ የሰውነታቸው መካከለኛ ክፍል ያበጠ እባቦች ጨጓራ ውስጥ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለውን ጥቃቅን ተውሳክ ገለጠ። ለዚህ በሽታ እስከ ዛሬ አስተማማኝ ፈውስ የለም። ስለዚህ የሚበላ ሆኖ የሚከሳ እባብ ከማይበላው ይልቅ ያስፈራል፤ የመጀመሪያው ሐኪም ይሻል፣ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሚሻው መጠለያ፣ ሙቀትና ጸጥታ ነው። ብዙ ሰው ግን ይህን ይገለብጠዋል፤ ለጾመው ይደነግጣል፣ በልቶ ለሚመነምነው «ይበላል እኮ» ብሎ ይጽናናል።

በተቃራኒው የቆመ ጥፋትም አለ። ልጁ ቶሎ እንዲያድግለት፣ ቶሎም እንዲያራባው ያለ ልክ የሚያጎርስ አርቢ አለ። ሆዱ ሳይፈጨው የተደራረበበትን መልሶ ይተፋል፤ ያልተፋው በስብ ይታፈናል። ቀስ ብሎ ማደግ ሁልጊዜ በሽታ አይደለም። በዱር ያለው የእባብ ልጅ በየሳምንቱ የሚሰፈርለት ቀለብ የለውም፤ ክረምትና በጋ፣ ጥጋብና ጾም ይፈራረቁበታል። እንዲያውም አካሉ የተሠራው ለዚህ ነው። እስቲቨን ሴኮርና ጃሬድ ዳይመንድ በ1990ዎቹ ባሳተሟቸው ጥናቶች እንዳሳዩት የበርማ ዘንዶ ሲጾም አንጀቱን ያሳንሰዋል፤ ሲበላ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ በእጥፍ ያሳድገዋል። በ2005 የወጣ ሌላ ጥናት ልቡም ከምግብ በኋላ 40 በመቶ እንደሚፋፋ አስታወቀ። የጾመ እባብ ምድጃውን ያጠፋ ቤት ነው፤ እንግዳ ሲመጣ እሳቱን እንደገና ያነዳል። ለዚህም ነው ለረጅም ጊዜ የጾመን እባብ በአንድ ጊዜ በትልቅ ጉርሻ ለመካስ መሞከር የማይገባው፤ መጀመሪያ ውኃ፣ ከዚያም ትንሽ ምግብ።

ማርሻል ማኪው የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ አርካንሳ ያደረገውን ሙከራ በ2007 አሳተመ። ሦስት ዐይነት፣ በድምሩ 62 እባቦች ለስድስት ወር ያህል ምግብ አልተሰጣቸውም፤ ከሦስቱ አንዱ ያው የምዕራብ አፍሪካው ኳስ ዘንዶ ነው። (ሙከራው ይከብደዋል የሚል አንባቢ ቢኖር አልቃወመውም፤ የሆነውን ግን ልንገረው።) እባቦቹ የኃይል ፍጆታቸውን እስከ 72 በመቶ ቀነሱ። ከክብደታቸው ከ9 እስከ 24 በመቶ አጡ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ግን በርዝመት አደጉ። ሥጋቸው እየመነመነ፣ ስባቸው እየቀለጠ አጥንታቸው ረዘመ። በእጁ ሜትር ብቻ የያዘ ጠባቂ ቢሆን ኖሮ በደብተሩ ላይ «እያደገ ነው» ብሎ በደስታ ይጽፍ ነበር። ዛሬ ጥንቁቅ የሆነ አርቢ ትንሹን እባብ በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን ላይ፣ በክዳን ባለው ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ አድርጎ በግራም ይመዝነዋል፤ ቀኑን፣ የበላውን፣ የተፋውን፣ ቆዳ የጣለበትን ዕለትና የማደሪያውን ሙቀት ከሥሩ ይጽፋል።